የልመንህ የተነጠቀ እርሻ

«ለልመንህ እንዳትነግሪው» አሉ እትዬ ላቀች። «መሬቱን ተነጥቆ ባዘነ ሰው ላይ የእኔን የስልክ ጣጣ ልጨምርበት? ነውር ነው።»

ልመንህ ይህን የሰማው መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ በምትለየው፣ አሮጌ ጋዜጣ በተለጠፈባት የጭቃ ግድግዳ በኩል ነው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ፣ ስልኩን ደረቱ ላይ አቁሞ ተኝቶ ነበር። የአባቱ እህት ድምፅ መሆኑን ለማወቅ አልተቸገረም፤ እትዬ ላቀች ሲያንሾካሹኩ እንኳ ማሳ ተሻግሮ ይሰማል። የቸገረው «መሬቱን ተነጥቆ» ያሉት ነው። ልመንህ መሬት ኖሮት አያውቅም። በአርብ ገበያ ከተማ የኮምፒውተር መምህር ነው፤ ከወር ደመወዙና መስከረም በጠባ ቁጥር ኪራይዋ ከሚጨምር ሁለት ክፍል ቤት ሌላ የኔ የሚለው ነገር ቢኖር ሁለት መቶ አሥራ አራት ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል ነው። በዚህ ቻናል ላይ ስለ ቴክኖሎጂ ዜና ይፈርዳል። የትኛው ኩባንያ ቻርጀሩን ከካርቶኑ አውጥቶ ለብቻው እንደሸጠ፣ የትኛው የጌም ድርጅት ልጆች ለማይጨበጥ ጎራዴ እውነተኛ ገንዘብ እንዲከፍሉ እንዳደረገ፣ የትኛው ሥራ አስኪያጅ ሺህ ሠራተኛ አባሮ ለራሱ ጉርሻ እንደወሰደ ይጽፋል፤ በመጨረሻም «ዝም አንልም» ብሎ ይዘጋል። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ አርባ የሚሆኑት ማርክ ይጨምርልናል ብለው የገቡ ተማሪዎቹ ናቸው። አንደኛው ደግሞ በሁለተኛ ሲም ካርዱ የገባው ራሱ ልመንህ ነው።

ትንሽ ካሰበ በኋላ ነገሩ ገባው፤ ሲገባው ደግሞ ብርድ ልብሱን ከአገጩ አልፎ እስከ ዓይኑ ሳበው። ሦስት ዓመት ሙሉ በስልኩ ላይ የእርሻ ጌም ሲጫወት ኖሯል። ስንዴ ይዘራል፣ ያጭዳል፣ ላም ያልባል፣ ጎተራውን ያሳድጋል። ባለፈው ማክሰኞ የጌሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ «በወሩ መጨረሻ አገልግሎቱን እንዘጋለን፣ አብራችሁን ስለቆያችሁ እናመሰግናለን» የሚል አራት መስመር አወጣ። ልመንህ ያን ዕለት ምሳ አልበላም። ቻናሉ ላይ ጽሑፍ ጻፈ፤ ጌም የሚለውን ቃል ርዕሱ ላይም መግቢያው ላይም አላስገባውም፣ ለስሜቱ ብሎ። «ሦስት ዓመት አረስኩ፣ ዘራሁ፣ አጨድኩ። ዛሬ የማላውቃቸው ሰዎች በአንድ ማስታወቂያ ማሳዬን ነጠቁኝ። አቤት የምልበት ደጅ የለም» ይላል ጅማሬው። ያችን ጽሑፍ የእትዬ ላቀች ጎረቤት አስናቀ በተች ስልኩ አንብቦላቸው ኖሯል። አስናቀ ደግሞ ረጅም ነገር እስከ መጨረሻው የማንበብ ልማድ የለውም።

ልብሱን ለብሶ ወጣ። ሳሎኑ ጠባብ ነው፤ መስኮቱን የባለቤቱ የሰርካለም የልብስ ስፌት መኪና ይዞታል፣ በበሩ በኩል አንድ መደብ አለ። አክስቱ መደቡ ላይ ነጠላቸውን አደግድገው ተቀምጠዋል፤ አለባበሳቸው ለልቅሶ የመጡ ያስመስላቸዋል። እግራቸው ሥር ግማሽ ጆንያ ገብስ ቆሟል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው፣ አህያ ጭነው፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ተጉዘው ያመጡት ነው፤ መሬቱን የተነጠቀ ዘመድ ለክረምት የሚቀምሰው እንዳያጣ። ሰርካለም ቀና ብላም አላየችው። የሸሚዝ እጅጌ እየሰፋች ነበር፤ ክሩን በጥርሷ ቆርጣ ሌላ መርፌ አስገባች። ነገሩን ታውቃለች። ማወቅ ብቻም አይደለም፤ እንዴት አድርጎ እንደሚወጣው ለማየት የጓጓች ይመስላል።

«ጠንከር በል» አሉት እትዬ ላቀች ጉልበቱን ይዘው። «መሬት ይሄዳል፣ ይመጣል። ስንት ቃዳ መሬት ነበር?»

ልመንህ ጉሮሮውን ጠራረገ። በቻናሉ ላይ ቢሆን ለዚህ ጥያቄ ሦስት አንቀጽ ይጽፍ ነበር። «እትዬ፣ ስልክ ውስጥ ያለ እርሻ ነው» አለ። እንዳልገባቸው ሲያይ ከፍቶ አሳያቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት። ስንዴው ቢጫ ሆኖ ይወዛወዛል፤ ላሟ ታመነዥካለች።

«የዚች ጥጃዋ የት አለ?»

«ጥጃ የላትም። እንዲሁ ትታለባለች።»

«ያለ ጥጃ?» አሉ። «ስንዴው በስንት ጊዜ ይደርሳል?»

«በአራት ሰዓት።»

«ማን ይበላዋል?»

ይህን ጥያቄ በሦስት ዓመት ውስጥ ማንም ጠይቆት አያውቅም። እሱም ስለ ኩባንያው ጀመረ፤ ሰዉን እንዴት እንዳስለመዱት፣ አሁን እንዴት እንደከዱት። እትዬ ላቀች በትዕግሥት ሰሙት። ከዚያ ሲገባ ውል ነበረው ወይ ብለው ጠየቁት። ነበረው፤ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ነክቶ ነው የገባው። ምን ይል እንደነበር ጠየቁት። አላነበበውም። እትዬ ላቀች ቀና ብለው አዩት። የእሳቸው አባት፣ የልመንህ አያት፣ ፊደል የማይለዩ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን አንድን ውል በሁለት የተለያዩ ዲያቆናት ሳያስነብቡ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አያውቁም። ይህን አሁን አላነሱትም። ልመንህ ግን እንዳሰቡት አወቀ፤ የስፌት መኪናዋም ድምፅ ያን ጊዜ ቀጥ ብሎ ነበር።

«ተመስገን» አሉ በመጨረሻ፣ ከልባቸው። «የእውነት መስሎኝ ደንግጬ ነበር።» ገብሱን መልሰው እንዲወስዱ ቢለምናቸው ከቤት የወጣ እህል ተመልሶ ጎታ አይገባም ብለው እምቢ አሉ።

የስልኩን ነገር ያወጣችው ሰርካለም ናት፤ «አሁንማ ይንገሩት እንጂ፣ ሐዘኑ ወጣለት» አለች። እትዬ ላቀች ከመቀነታቸው ትንሽ ባለ ቁልፍ ስልክ ፈትተው ሰጡት። ሦስት ዶሮ ሸጠው የገዙት ነው፤ ከተገዛ ሁለት ሳምንቱ ነው። ካልተሰካ በቀር አንዲት ደቂቃ አይቆይም፣ ከግድግዳው ሲነቀል ይሞታል። እሳቸው መንደር ደግሞ መብራት የለም። ልጃቸው ህይወት የምትኖረው ወገዳ ከተማ ነው፤ መውለጃዋ ደርሷል፣ የመጀመሪያዋ ነው። ምጥ ሲይዛት ባሏ ካሴ ሊደውልላቸው፣ እሳቸውም ባገኙት መኪና ሊደርሱላት ተስማምተዋል። አስናቀ ደግሞ ስልኩን ይዞ ለቀናት የሚጠፋ ሰው ነው። ልመንህ የስልኩን ጀርባ ከፈተ። ባትሪው እንደ ገብስ ቂጣ መሃሉ አብጧል፤ የላዩ ወረቀት ተፍቆ በሌላ ተለጥፏል። አሮጌ ባትሪ አዲስ ልብስ ለብሶ ነው።

«ከየት ገዙት?»

«አንተ ካልከኝ ከባዩ ነዋ። 'የልመንህ አክስት ነኝ ይበሉት' አላልከኝም?»

ብሎ ነበር። ልመንህ ስልኩን ገጠመና ቀስ ብሎ መደቡ ላይ አስቀመጠው። ባዩ በገበያው አፍ ላይ ስልክ ይሸጣል፣ ያድሳል። የሱቁም ዋይፋይ ለከተማው ሁሉ ዝግ ሆኖ ለልመንህ ብቻ ክፍት ነው። የዓለም ኩባንያዎችን የሚቀጣው ጽሑፍ ሁሉ የሚወጣው ከባዩ ሱቅ ጎን ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው።

አርብ ስለሆነ መንገዱ ከሰውና ከአህያ የተረፈ ቦታ አልነበረውም። ጥር ነው፣ አውድማ የተነሳበት ጊዜ፤ ገበሬው ገብሱንና ባቄላውን አውጥቷል። ትምህርት ቤቱም የግማሽ ዓመት ዕረፍት ላይ ነው። እትዬ ላቀች አህያዋን እየነዱ ከፊት፣ ልመንህ ከኋላ ሆነው ወደ ባዩ ሱቅ ሄዱ። መንገድ ላይ የሚናገረውን አጠና። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አንደኛው ስለ እምነት፣ ሁለተኛው ስለ ሕግ፣ ሦስተኛው ስለ ባትሪው። በተለይ ሁለተኛው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰውዬውን ዓይን ዓይኑን ለማየት ወስኖ ነበር።

ባዩ ገና ከሩቅ ሲያየው ተነሳ። «መምህር! ስለ እርሻው የጻፍከውን አነበብኩ። ኩባንያዎቹን ልክ ልካቸውን ነው የነገርካቸው» ብሎ በርጩማ አቀረበለት። ልመንህ ተቀመጠ። መቀመጡ ስህተት እንደነበር የገባው ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ከበርጩማ ላይ ሆኖ ሰውን ቁልቁል ማየት አይቻልም። ስለ እምነት በሚለው ፈንታ «ሥራ እንዴት ነው?» አለ። ስለ ሕግ በሚለው ፈንታ ስለ ገበያው ሙቀት አነሳ። በመጨረሻ ስልኩን አወጣና «ይቺ ትንሽ ባሕርይ አምጥታለች» አለ፤ ነገረ ሥራው የጎረቤት ልጅ የሚከስ ይመስል ነበር።

ባዩ ስልኩን አገላበጠው። መጀመሪያ ፋብሪካው እንዲህ አድርጎ ነው የሚያወጣው አለ። ቀጥሎ አያያዝ ነው አለ። ቀጥሎ ዋስትናው ባትሪን አይጨምርም አለ። ልመንህ እነዚህን ሦስቱን፣ በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ባለፈው ኅዳር ስለ አንድ የባሕር ማዶ ድርጅት ሲጽፍ አፊዞባቸው ነበር። አሁን ግን ራሱን ይነቀንቃል። ከባዩ ራስ በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚል ወረቀት ተሰቅሏል። ጽሑፉን ያሰማመረው፣ ዳር ዳሩን አበባ ያደረገበት፣ በትምህርት ቤቱ ማተሚያ ያተመው ልመንህ ነው። ባዩ ወረቀቱን በጣቱ አላሳየውም፤ ቀና ብሎ ብቻ አየው፤ ልመንህም አየው። ከዚያ ወደ አክስቱ ዞሮ ማን እንዳናገረው ሳያውቅ «እትዬ፣ አዲስ ስልክ መጀመሪያ ሲሰካ ስምንት ሰዓት ሙሉ መቆየት አለበት። ምናልባት ቀድመው ነቅለውት ይሆናል» አለ።

እትዬ ላቀች አልተቆጡም። ያችን ጥጃ የሌላትን ላም በተመለከቱበት ዓይን አዩት። ከዚያ ባዩን «መሰኪያህን ታውሰኛለህ?» አሉት። ባዩ ደስ ብሎት ስልኩን ሰካላቸው። እሳቸውም አህያዋን ከሱቁ በረንዳ ምሰሶ ጋር አሰሩ፣ ከጉያቸው እንዝርታቸውን አወጡ፣ ደፉ ላይ ተቀምጠው ጥጥ መፍተል ጀመሩ። ባዩ ምን እየጠበቁ እንደሆነ ቢጠይቃቸው «ልጄ እስክትደውል ነው፤ ስልኩ ካንተ ግድግዳ ውጭ አይሠራማ» አሉት። ነገር እየሠሩ አልነበረም። እውነታቸውን ነው፤ ሌላ መላ የላቸውም።

የገበያ ቀን ነው፤ እትዬ ላቀችን የማያውቅ የለም። በደጁ ያለፈ ሁሉ ሰላም ይላቸዋል፣ ምን እንዳስቀመጣቸው ይጠይቃል፣ እሳቸውም ድምፃቸውን ሳይቀንሱ እንዳለ ይነግሩታል። ድምፃቸው ደግሞ ማሳ የሚሻገር ነው። ስልክ ሊያይ የመጣው «እስቲ ዞሬ ልምጣ» እያለ ይሄዳል። ልመንህ ከበርጩማው ተነስቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የስልክ ልብሶች አንድ በአንድ ያያል፤ ሮዝ ቀለሟን ሦስት ጊዜ አያት። እንግዳ ሰው ቢያየው የባዩ ተቀጣሪ ወይም ሌባ ይመስለዋል። ባዩ ወደ ጓዳ ጠራውና በቀስታ «ውሰዳቸው፣ እባክህ። ዋይፋዩን ዓመቱን ሙሉ ተጠቀም፤ ለሰርካለምም ስልክ ፓስወርዱን እሰጥሃለሁ» አለው። እውነት ይነገር ከተባለ ልመንህ ወዲያው እምቢ አላለም። ዓመት ሙሉ ማለት ስንት ጽሑፍ እንደሆነ አስቦ ነበር። ግፍን የሚቃወሙ ጽሑፎች።

ከዚህ ያወጣው የራሱ ቆራጥነት አልነበረም። ንጋቱ የሚባል ገበሬ፣ ልጁን ያስተማረለት፣ ገባና የእትዬ ላቀችን ስልክ መንትያ ከመስታወቱ ውስጥ አስወጣ። ገዝቶ ሊሄድ ነው። ከዚያ ወደ ልመንህ ዘርግቶ «መምህር፣ አንተ ታውቃለህ። ይሄ ይሆነኛል?» አለው። ባዩ ከጠረጴዛው ጀርባ ያያል። እትዬ ላቀችም እንዝርታቸውን አቁመዋል። ልመንህ ስልኩን ተቀበለ። ስለ እምነት፣ ስለ ሕግ ያጠናው ሁሉ ጠፍቶበት አፉ ላይ የመጣለት የአሥራ አንድ ዓመት የመምህርነት ልማዱ ብቻ ነበር። «እሺ ተማሪዎች» አለ።

ሁለት ሰዎች ሳቁ። እሱ ግን አንዴ ጀምሯል። የአክስቱን ስልክ ከመሰኪያው ነቀለ፣ ጀርባውን ሲከፍት ባትሪው አምልጦት ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ተንበርክኮ፣ ጉልበቱን አቧራ አልብሶ አወጣው። መስታወቱ ላይ አስተኛውና በጣቱ ጫፍ ገፋ አደረገው። ባትሪው ባበጠው ሆዱ ላይ ቆሞ መሽከርከር ጀመረ፤ ሰዉ አንገቱን አስግጎ እስኪቆም ድረስ አየው። «ጤነኛ ባትሪ አይሽከረከርም» አለ ልመንህ። «የሚሽከረከር ከሆነ አሮጌ ነው፣ ወረቀቱን ፍቀው አዲስ ለጥፈውበታል። ይሄ ለአክስቴ አዲስ ተብሎ ነው የተሸጠላቸው።» ማን እንደሸጠላቸው አልተናገረም። እዚያ ድረስ አልሄደም። ከዚያ የንጋቱን ባትሪ አስተኝቶ ገፋው። ያም ዞረ።

ባዩ አልተከራከረም። ከታችኛው መሳቢያ ካርቶኑ ያልተከፈተ ስልክ አወጣ፣ ፊት ለፊታቸው ከፈተ፣ የእትዬ ላቀችን ሲም ካርድ አዛወረና ሳይናገር ሰጣቸው። ለንጋቱም ሌላ ቀየረለት። የእትዬ ላቀች ስልክ በርቶ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ጮኸ። ካሴ ነበር። ሌሊቱን ሲደውል አድሯል፤ ምጥ ይዟታል፣ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሲያደርሳት ቆይቶ ዳግም መደወል የቻለው ገና አሁን ነው። እትዬ ላቀች እንዝርታቸውን መቀነታቸው ውስጥ ሻጡ። ወደ ወገዳ የሚሄደው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሰው እየሞላ ነበር። ሊወጡ ሲሉ ተመልሰው ባዩን «ይባርክህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ» አሉት፤ በሽሙጥ አልነበረም፣ ባዩም ከስድብ ይልቅ ምርቃቱ የከበደው ይመስል አንገቱን ደፋ። ልመንህን ግን አልመረቁትም። «አህያዋን ነገ ለአስናቀ አድርስልኝ። ገደላ ገደሉን አትንዳት፣ ታስቸግርሃለች» ብለውት ሮጡ።

ልመንህ ወዲያው መሄድ አልቻለም። ገበሬው ስልኩን እያወጣ ከበበው፤ ከባዩ የተገዛውም ከሌላ ቦታ የተገዛውም መጣ። ከሱቁ ትንሽ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ባትሪ ሲያሽከረክር ዋለ። አንዱ የዞረበት ሰውዬ በእሱ ላይ ተቆጣ፤ ሳያየው በፊት ደህና ይሠራ ነበር አለ። በመሃል የራሱን ስልክ ሲያይ ዋይፋዩ ጠፍቷል። ባዩ ፓስወርዱን ቀይሮታል። ቀና ብሎ ሲያየው ባዩ ጀርባውን ሰጥቶ ያን አበባ ያለበትን ወረቀት ያስተካክል ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ አህያዋን እየጎተተ፣ ቤቱ ደረሰ። ጎተተ የተባለው ለክብሩ ሲባል ነው፤ አብዛኛውን መንገድ የጎተተችው እሷ ናት። ሰርካለም ሽሮ አቅርባ ጠበቀችው። «ህይወት ተገላግላለች፣ ሴት ናት» አለችው። «እትዬ ላቀች ሳይደርሱ ነው የወለደችው፤ ግን ሁለቱም ደህና ናቸው። አንተ ጋ ቢደውሉ ስልክህ ዝግ ነበር።» ልመንህ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ እጁን ታጠበ። ሁለት ሲጎርስ ልቡ ሞቀ፤ የዋለበትን ይነግራት ጀመር። ሲነግራት በርጩማው ቀረ፤ ገና ሲገባ ቆሞ ነበር። ስለ እምነትና ስለ ሕግ ያጠናቸው ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ወጡ፣ ሁለተኛው ላይ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ባዩ ስለ ዋይፋዩ ሲያነሳ ልመንህ ቃሉን ሳያስጨርሰው ከጓዳው ወጣ። ባትሪውም ጠረጴዛ ሥር አልገባም።

ሰርካለም ወጡን ጨመረችለት። «ክር አልቆብኝ ወጥቼ ነበር» አለች። «ከባዩ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ነው የምገዛው። ከበርጩማው ጀምሮ ነበርኩ።»

ልመንህ የያዘውን ጉርሻ መሶቡ ላይ መልሶ አኖረው።

«ስምንት ሰዓት የሚለውንም ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

በደጅ አህያዋ ታናፋለች። ሰርካለም ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ብትነክስም አልሆነላትም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ልመንህ ሲያያት የራሱም መጣበት። «እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ» አላት፣ «እኔ በደንብ አላየሁትም።» እሷም የስፌት መኪናዋን ተደግፋ፣ እግሯን አጣጥፋ፣ አንድም ሳታስቀር ከመጀመሪያው ጀመረችለት፤ «ሥራ እንዴት ነው» ካለው።